«የደም ሥርዎ ንጹህ ነው» ከተባሉ በኋላ፦ ለሴት ልብ የምርመራና የሕክምና ቦታ አመራረጥ

አንዲት የ52 ዓመት ሴት ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛታል እንበል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚጽፍ ምርመራ) ተነሣች፤ ደህና ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታየች፤ ልቧ በደንብ ይመታል። ትሬድሚል ላይ ተራመደች፤ «አጠራጣሪ» ተባለ። በመጨረሻ አንጂዮግራም (በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ቀለም እየተረጨ የልብን ደም ሥሮች የሚያሳይ የኤክስሬይ ምርመራ) ተሠራላትና «የደም ሥሮችሽ ንጹህ ናቸው፣ ምናልባት ጨጓራ ይሆናል» ተብላ ወጣች። አራት ወረቀት ይዛለች፤ ሕመሙ ግን ደረጃው ላይ እየጠበቃት ነው።

እዚህ ውስጥ የዋሸ ምርመራ የለም፤ እያንዳንዱ የተጠየቀውን መልሷል። ኢሲጂው ልብ በዚያች ደቂቃ ተጎድቶ እንደሆነ፣ ኢኮው ጡንቻውና ቫልቩ በዕረፍት ጊዜ እንዴት እንደሚሠሩ፣ አንጂዮግራሙ ትልልቆቹ ቧንቧዎች ጠብበው እንደሆነ ተናገሩ። አንጂዮግራም የማያሳያቸው ትናንሾቹ የደም ሥሮች ምን ላይ እንዳሉ ግን ማንም አልጠየቀም። የልብና የደም ሥር በሽታ በዓለም ላይ ሴቶችን በመግደል ቀዳሚው ነው፤ ከሚሞቱ ሦስት ሴቶች የአንዷ ምክንያት ገደማ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው የምርመራ ልማድ የተቀረፀው በወንዶች ላይ በታየው የበሽታ መልክ ነው። ምርመራ የሚመረጠው በሚመልሰው ጥያቄ ስለሆነ የሚከተለው ንጽጽር በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ቀጠሮ ወይስ ድንገተኛ ክፍል?

በመጀመሪያ አንድ የተጋነነ ወሬ እናርም። «ሴቶች ልባቸውን ሲያማቸው ደረታቸውን አያማቸውም» የሚባለው ልክ አይደለም። በሴቶችም ዘንድ ዋናው ምልክት ደረት ላይ የሚሰማ መጨነቅ፣ መጫን ወይም መጥበቅ ነው። ልዩነቱ ሴቶች ላይ አብረውት የሚመጡት ምልክቶች መብዛታቸው ነው፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንጋጋና አንገት ላይ ወይም በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የሚሰማ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ድካም። ሐኪሙ «ማቅለሽለሽ» የሚለውን ይሰማና ወደ ጨጓራ ይሄዳል። ስለዚህ ሲናገሩ ከደረቱ ይጀምሩ፤ ሌላው ይከተል።

እንዲህ ያለው ሕመም ዐርፈው ከተቀመጡ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልለቀቀ ወይም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ አምቡላንስ ይጠራል እንጂ ቀጠሮ አይያዝም። መኪና ራስዎ አይንዱ። የአስፕሪን አለርጂ ወይም የሚደማ ቁስለት ከሌለብዎ 300 ሚሊግራም አስፕሪን ያኝኩ፤ መዋጥ ብቻውን ሥራውን ያዘገየዋል።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ መነሣት አለብዎ። ቀጥሎ ትሮፖኒን የሚባል፣ የተጎዳ የልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ ይደረጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ «ደህና ነው» መባሉ ነው። ትሮፖኒን ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ቀስ እያለ ስለሚወጣ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ የሚታየውም ለውጡ ነው። ሁለተኛው የጣሪያው ቁጥር ነው፤ ማለትም ውጤቱ ከእርሱ ካለፈ ጉዳት አለ የሚባልበት። በጣም ስስ በሆኑት አዳዲስ መለኪያዎች የሴቶች ጣሪያ ከወንዶች ያነሰ ነው፤ በስፋት በሚሠራበት አንድ መለኪያ የወንዶቹ 34፣ የሴቶቹ 16 ናኖግራም በሊትር ነው። ለሁሉም በአንድ ቁጥር የሚሠራ ላቦራቶሪ ውጤቷ 22 የሆነችን ሴት ያለ ጥያቄ ወደ ቤቷ ሊሸኛት ይችላል። «ስንት ጊዜ ተለካ? የሴቶችን ቁጥር ነው የምትጠቀሙት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ኢሲጂው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቧንቧ ካሳየ ምርጫው በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ) መክፈት ወይም የረጋውን ደም በመርፌ ማሟሟት ነው። መለያው ሰዓት ነው፤ ስቴንት የሚያስገባ ሆስፒታል በ120 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስ ከሆነ ስቴንቱ ይመረጣል፤ ካልሆነ ማሟሟቱ ወዲያው ተጀምሮ ጉዞው ይቀጥላል። ሴቶች ከእነዚህ ሕክምናዎች ጋር ደም የመፍሰስ አደጋቸው ከፍ ስለሚል መድኃኒቱ በትክክለኛ ክብደት መሰላት አለበት። በግምት የተጻፈ ክብደት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ጊዜ ሲኖር፦ የትኛው ምርመራ?

ሕመሙ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ምርጫው ይሰፋል። ለማንም ሴት አንድ ዓይነት ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም ከገጠመዎ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ትሬድሚል ላይ የሚደረገው ኢሲጂ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለሴቶች ግን ደካማው አማራጭ ነው። የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ ላይ መድረስ አለበት። ለ55 ዓመት ሴት 140 ገደማ ማለት ነው። ጉልበቷን የሚያማት ወይም ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) ውጣ የመጣች ሴት 115 ላይ ደክሟት ታቆማለች፤ ውጤቱ «በቂ አይደለም» መባል ሲገባው «ምንም የለም» ተብሎ ይጻፋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የኢሲጂው መስመር በሽታ ሳይኖር ዝቅ የሚልበት ጊዜ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበዛል፤ የ«አጠራጣሪ» ምንጭ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። አንድ መልካም ነገር ግን አለው፦ ያለ ሕመም ረዘም አድርጋ የተራመደችና ኢሲጂዋ ያልተለወጠ ሴት የምር ጥሩ ዜና ይዛለች።

ጫና ተሰጥቶ የሚታይ ኢኮ ከዚህ ይሻላል። በመራመድ ወይም ዶቡታሚን በሚባል መርፌ ልብ ይፈጥናል፤ ከዚያ የትኛው የጡንቻ ክፍል እንደደከመ በምስል ይታያል። ጨረር የለውም፤ ስለዚህ ለወጣት ሴቶችና ጨረርን መራቅ ለሚገባቸው ቀዳሚ ምርጫ ይሆናል። ድክመቱ በሠሪው እጅ ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ በወር ሁለት ሦስት የሚሠራና በየቀኑ የሚሠራ ባለሙያ አንድ አይደሉም።

በኑክሌር (በመርፌ በሚገባ ጥቂት ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር) የሚደረገው የደም ፍሰት ምርመራ ለሴቶች የታወቀ ወጥመድ አለው። ጡት ጨረሩን በከፊል ስለሚያስቀር የልብ የፊት ግድግዳ ላይ ደም ያነሰ የሚመስል ጥላ ይወጣል። ጥሩ ማዕከል ይህን በማስተካከያ ስካን ወይም በሆድ አስተኝቶ ዳግም በማንሣት ይለየዋል፤ ሪፖርቱ ላይ «የጡት ጥላ ሊሆን ይችላል» ብቻ ተብሎ ከቀረ ሥራው አላለቀም። ፔት የሚባለው ዓይነት ይህ ችግር ያንሰዋል፤ የደም ፍሰቱን በቁጥር ስለሚለካም የትናንሽ ሥሮችን ሕመም ያለ ካቴተር ሊጠቁም ይችላል። በሁለቱም የደም ሥር ማስፊያ መድኃኒት ከተሰጠ ካፌይን ያለበትን ሁሉ፣ ሻይና ኮላም ጨምሮ፣ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ያቁሙ፤ አንዳንድ ማዕከላት 24 ሰዓት ይላሉ። ካፌይን መድኃኒቱ የሚሠራበትን ቦታ ስለሚይዝበት ምርመራው ውጤት አልባ ይሆናል። ጡት የሚያጠቡ ከሆነ ለስንት ሰዓት ማቋረጥ እንዳለብዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

የልብ የደም ሥር ሲቲ ስካን፣ ምልክቱ ልብን የሚያጠራጥር ሆኖ ከዚህ በፊት የታወቀ በሽታ ለሌለባት ሴት፣ በእኛ ግምት ብዙ ጊዜ የተሻለው መነሻ ነው። ምክንያቱም መጥበብን ብቻ ሳይሆን ገና ቧንቧውን ያላጠበበ ስብ ግድግዳው ላይ መኖሩን ያሳያል፤ ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ክንድ ላይ ወፈር ያለ መርፌ ይገባል፤ የልብ ምት ወደ 60 ገደማ እንዲወርድ ቤታ ብሎከር ይሰጣል፤ ምላስ ሥር ናይትሮግሊሰሪን (የደም ሥርን የሚያሰፋ መድኃኒት) ይደረጋል፤ ኮንትራስቱ (የደም ሥሩን የሚያሳየው ቀለም) ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፣ አመለጠኝ ብለው አይጨነቁ። ከዚያ ለ10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽ መያዝ ነው። ምቱ 80 ላይ እያለ የተነሣ ምስል ይደበዝዛል፤ ያ ምስል «ማየት አልተቻለም» ተብሎ ሌላ ምርመራ ይወልዳል። የኩላሊት ምርመራ ቀድሞ መሠራት አለበት፤ እርግዝና ሊኖር የሚችል ከሆነም መረጋገጥ አለበት። በአዮዲን የሚሠራው ኮንትራስት ጡት ማጥባትን አያስቋርጥም።

የካልሲየም ነጥብ የሚባለው አጭሩ ሲቲ ከዚህ ጋር ይምታታል። እርሱ ምልክት ለሌላት፣ «ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ልጀምር ወይስ ልተው» ለምትል ሴት ነው። ካልሲየም ሴቶች ላይ ከወንዶች አሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ ይታያል፤ ስለዚህ ደረቷን የሚያማት የ42 ዓመት ሴት «ዜሮ ነው» ብትባል ጥያቄዋ አልተመለሰም። በተቃራኒው በሴት ላይ የተገኘ ትንሽ ነጥብ አይናቅም።

ኤምአርአይ ውድና ረጅም ነው፤ እስከ አንድ ሰዓት ያስተኛል። እርሱን የሚተካ የሌለበት አንድ ቦታ ግን አለ፦ ትሮፖኒኗ ከፍ ብሎ ቧንቧዋ ክፍት የሆነች ሴት። የጡንቻ ቁስል፣ የልብ ጡንቻ ብግነት ወይም ታኮትሱቦ (ከሐዘን ወይም ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካም፤ ከታች እንመለስበታለን) መሆኑን ይለያል። ሳምንታት ካለፉ እብጠቱ ስለሚጠፋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል።

አንጂዮግራሙ ላይ ከመተኛትዎ በፊት

በእጅ አንጓ ወይስ በብሽሽት? የሴቶች የእጅ ደም ሥር ቀጭን ስለሆነ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ካቴተሩን አላስገባ ይላል። ሆኖም የብሽሽት ደም መፍሰስ ሴቶችን የበለጠ ስለሚጎዳ በአንጓ መጀመሩ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «ቧንቧዎቹ ክፍት ሆነው ከተገኙ በዚያው የተግባር ምርመራ ትሠሩልኛላችሁ?» ካቴተሩ ገብቶ ሳለ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነገር ነው፤ ካልተሠራ ግን ሌላ ቀን እንደገና መወጋት ነው። ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ቀጭን ሽቦ ወደ ቧንቧው ይገባል። አዴኖሲን (ትናንሽ ሥሮችን የሚያሰፋ መድኃኒት) ሲሰጥ ፍሰቱ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ይለካል፤ ከ2 እጥፍ በታች ከሆነ፣ አንዳንዶች እስከ 2.5 ድረስ ይወስዱታል፣ ትናንሾቹ ሥሮች አልሰፉም ማለት ነው። የመቋቋም መለኪያው 25 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም ያው። ቀጥሎ አሴቲልኮሊን ይሰጣል፤ ጤነኛ ሥር በእርሱ ይሰፋል፣ የታመመው ይኮማተራል፤ ሴትየዋም «ይኸው፣ ይህ ነው ሕመሜ» ትላለች። ለዓመታት «ጭንቀት ነው» ስትባል ለቆየች ሴት ይህ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለም።

«ንጹህ» ከተባለ በኋላ ያሉት አራት መንገዶች

ለምን መለየት አስፈለገ? ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ስለሚጎዳ።

የትናንሽ ሥሮች ሕመም ከሆነ ቤታ ብሎከር፣ ስታቲንና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ይረዳሉ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በእንቅስቃሴ ይመጣል፤ ከቆመች በኋላም ይዘገያል፤ ምላስ ሥር የምትይዘው ናይትሮግሊሰሪን ሁልጊዜ ላያስታግሳት ይችላል።

መኮማተር ከሆነ ሕመሙ በዕረፍት፣ በሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይቀሰቅሳል። መድኃኒቱ እንደ ዲልቲያዜም ወይም አምሎዲፒን ያለ የካልሲየም መተላለፊያ አጋጅ ነው፤ ናይትሬትም ይጨመራል። ቤታ ብሎከር እዚህ ላይ ሊያባብሰው ይችላል። ሳይለካ በግምት ቤታ ብሎከር የጀመረች ሴት «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፣ እንዲያውም ባሰብኝ» የምትለው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የደም ሥር ግድግዳ በራሱ መሰንጠቅ፣ ሐኪሞች ስካድ የሚሉት፣ ከሌሎቹ ይለያል። ከተጠቂዎቹ 10 ወደ 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው፣ ማንም የልብ ሕመም የማይጠረጥርባቸው ወጣቶች። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የልብ ድንገተኛ ሕመም ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው። አንጂዮግራም ላይ ረዘም ያለ ለስላሳ መጥበብ ሆኖ ስለሚታይ ያላወቀ ዓይን እንደ ጤነኛ ቀጭን ቧንቧ ያልፈዋል። ያወቀም እጅ ቸኩሎ ስቴንት ቢያስገባ ስንጥቁ ወደ ታች ሊረዝም ይችላል። ሕመሙ ካልቀጠለና ፍሰቱ ካልተቋረጠ የሚመረጠው ሆስፒታል ተኝቶ መጠበቅ ነው፤ አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱን ይጠግናል። ከዚያ የአንገት፣ የኩላሊትና የአንጎል የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ተመሳሳይ የግድግዳ ድክመት እዚያም ሊኖር ይችላልና።

ታኮትሱቦ በአብዛኛው ያረጡ ሴቶችን ይይዛል፤ ከባድ ሐዘን፣ ድንጋጤ ወይም ሌላ የሰውነት ሕመም ይቀድመዋል። በ1990 ገደማ በጃፓን የተገለጸ ሲሆን ስሙም የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ማለት ነው፤ የልብ ጫፍ ተነፍቶ አንገቱ ሲጠብ ያንን ይመስላልና። ብዙዎቹ ያገግማሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንደ ማንኛውም የልብ ድንገተኛ ሕመም አደገኛ ናቸው።

አጠቃላይ የልብ ሐኪም ወይስ «የሴቶች ልብ» ክሊኒክ?

የደም ግፊት፣ የታወቀ የልብ ምት መዛባት ወይም ኮሌስትሮል ከሆነ ጉዳይዎ፣ ጥሩ አጠቃላይ የልብ ሐኪም ይበቃል። ርቆ መጓዝ አያስፈልግም። ልዩ ክሊኒክ የሚያስፈልገው ሕመሙ ቀጥሎ ቧንቧው ክፍት ሲሆን፣ ስካድ ሲኖር፣ ወይም የወሊድ ታሪክዎ ከልብዎ ጋር ሲያያዝ ነው። በር ላይ የተጻፈው ስም ግን ማስረጃ አይሆንም። ሲደውሉ እነዚህን ይጠይቁ፦

– የደም ሥር ተግባር ምርመራ በአሴቲልኮሊን ትሠራላችሁ? ካልሆነ ወዴት ትልካላችሁ?
– ባለፈው ዓመት ስንት የስካድ ታካሚ ተከታተላችሁ?
– መጀመሪያ ቀን ስለ እርግዝናዎቼ ትጠይቁኛላችሁ?

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሚለየው እርሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፕሪኤክላምፕሲያ (ሌሎች የአካል ክፍሎችንም የሚጎዳ የእርግዝና የደም ግፊት) የነበረባት ሴት ወደፊት የልብ በሽታና የስትሮክ አደጋዋ በእጥፍ ገደማ ከፍ ይላል። የእርግዝና ስኳር፣ ያለጊዜ መውለድ፣ ከ40 ዓመት በፊት ማረጥ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) እና የመገጣጠሚያ ብግነት፣ በግራ ጡት ላይ የተሰጠ ጨረር፣ እነዚህ ሁሉ ይቆጠራሉ። የቤተሰብ ታሪክም ሲነገር ዕድሜው ይነገር፦ አባት ወይም ወንድም ከ55 በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 በፊት። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ባለው ቀጠሮ ውስጥ በቃል ማስታወስ አይቻልም።

የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ከሆነ የሚፈልጉት ካንሰርንና ልብን አብሮ የሚከታተል ሐኪም ነው። ትራስቱዙማብ (ልብን ሊያደክም የሚችል የጡት ካንሰር መድኃኒት) በሚሰጥበት ጊዜ ኢኮ በየ3 ወሩ ይታያል፤ ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው።

እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ

ይህን ጉዳይ አንድ ሐኪም ብቻውን አይሸከመውም፤ የልብ ሐኪም፣ የማህፀን ሐኪምና የማደንዘዣ ባለሙያ አንድ ዕቅድ ላይ መፈረም አለባቸው። በእርግዝና የደም መጠን እስከ 40–50 በመቶ ይጨምራል። በልጅነት የሩማቲክ በሽታ ሚትራል ቫልቩን (በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን በር) ያጠበበባት ሴት ምንም ሳይሰማት ኖራ በአምስተኛው ስድስተኛው ወር ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው። ከማርገዝ በፊት የታየ ኢኮ ይህን ያስቀራል፤ ቫልቩን በፊኛ ማስፋት ቀድሞ ሊሠራ ይችላልና።

ቫልቭ መቀየር ካስፈለገና ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነው። የብረቱ ቫልቭ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ኪኒን) ዕድሜ ልክ ይጠይቃል። ዋርፋሪን ደግሞ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ይጎዳል፤ በተለይ መጠኑ በቀን ከ5 ሚሊግራም ሲበልጥ። በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ በሚከለክል መርፌ) መተካት ይቻላል፤ መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ ካልተስተካከለ ግን ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ እናትንም ይገድላል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራው ቫልቭ ዋርፋሪን ላይፈልግ ይችላል፤ ግን በወጣቶች ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ውስጥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። «ሁለት ልጅ ወልጄ ከዚያ ድጋሚ እቀየራለሁ» ብላ ሁለተኛውን የምትመርጥ ሴት አልተሳሳተችም፤ ሒሳቡን አውቃ እስከገባች ድረስ።

የግፊት ኪኒንም ይታይ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉት በእርግዝና አይወሰዱም፤ በሜቲልዶፓ፣ በላቤታሎል ወይም በኒፌዲፒን ይተካሉ። ይህ ለውጥ ከማርገዝ በፊት ይታቀድ።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ እግር ማበጥና ድካም «የአራስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጠፍጣፋ መተኛት ካቃታት፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ከተነሣች፣ ሳል ከጀመራት፣ ከእርግዝናው መጨረሻ ወር እስከ ወሊድ በኋላ 5 ወር ድረስ የልብ ጡንቻ ድካም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቢኤንፒ በሚባል የደም ምርመራና በኢኮ ነው። ግፊቷ 160/110 ከደረሰ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይነሣም።

ቤት ውስጥ ሲለኩ 5 ደቂቃ ዐርፈው፣ ጀርባ ተደግፈው፣ እግር መሬት ላይ፣ ክንድ በልብ ደረጃ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥለው አማካዩን ይውሰዱ። ከ135/85 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ለክንድ የጠበበ መጠቅለያ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ «ግፊት አለብሽ» ተብለው ከመድኃኒት በፊት መጠቅለያውን ይቀይሩ።

ማገገሚያ፦ ማዕከል ወይስ ቤት?

ከልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ከስቴንት በኋላ የሚሰጠው የማገገሚያ ሥልጠና በተለምዶ 36 ክፍለ ጊዜ ነው፤ በሳምንት 3 ጊዜ ለ12 ሳምንት። ሴቶች ወደዚህ የሚላኩት ከወንዶች ያነሰ ነው፤ ከተላኩትም ብዙዎቹ ያቋርጣሉ፤ ልጅ፣ የታመመ ዘመድ፣ መንገድ። የልብ ምት መዛባት ያለባት፣ ልቧ በጣም የደከመ ወይም ሲራመዱ ሕመም የሚይዛት ሴት በማዕከል፣ በሞኒተር ሥር ብትጀምር ይሻላል። ሌላዋ በቤት፣ በስልክ ክትትል፣ ያንኑ ያህል ጥቅም ልታገኝ ትችላለች፤ ያለ ምንም ከመቅረት ግን ሁለቱም ይበልጣሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የመውጫ ወረቀትዎን ገልጠው ሪፈራሉ መጻፉን ይዩ፤ ከሌለ አልጋውን ሳይለቁ ያስጽፉ።